አሥር ቀን ለአንድ ስም

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2004 በቦሞንት፣ ቴክሳስ፣ የጀፈርሰን ካውንቲ ኮሚሽነሮች ስለ አንድ የገጠር መንገድ ስም ሊወስኑ ተቀመጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንገዱ ከቦሞንት ደቡብ ምዕራብ ፋኔት በምትባል የገጠር መንደር በኩል የሚያልፍ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ሩዝ ይዘራበታል፣ የመስኖ ቦይ ይከፋፍለዋል፣ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ ረግረግ ይሆናል። ከአካባቢው ሰው በቀር መንገዱን የሚያውቀው አልነበረም ማለት ይቻላል። ያን ሰሞን ግን ብዙ የአሜሪካ ጋዜጦች ስሙን አነሱት፤ ታፔላው ላይ የተጻፈው «ጃፕ ሮድ» ይል ነበርና።

አዳራሹ ለሁለት ተከፍሏል። በአንድ ወገን የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያንና ደጋፊዎቻቸው ተቀምጠዋል። ለእነሱ «ጃፕ» የሚለው አጭር ቃል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በወላጆቻቸው ፊት የተወረወረ፣ «እዚህ አትገቡም» ከሚል ማስታወቂያ ጋር በየሱቁ መስኮት የተለጠፈ ስድብ ነው። በሌላው ወገን መንገዱ ዳር ቤት ሠርተው፣ ከብት አርብተው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እነሱ ደግሞ ስሙን ያወጡት አያቶቻችን ናቸው፣ ያወጡትም ሊሰድቡ ሳይሆን አንድን ጃፓናዊ ገበሬ ሊያከብሩ ነው፣ ከሌላ አገር መጥቶ ስማችንን የሚቀይርብን ማነው ይላሉ። ተራ በተራ እየተነሡ ተናገሩ። በመጨረሻ ኮሚሽነሮቹ ድምፅ ሰጡ፦ አራት ለአንድ። ስሙ ይነሣል፤ አዲሱን ስም ግን የመንገዱ ነዋሪዎች ራሳቸው ይምረጡ ተባለ። አሥር ቀን ተሰጣቸው።

ይህን ጉዳይ ያነሣሁት የገጠር መንገድ ስም ሲወጣም ሆነ ሲለወጥ «ሕዝቡ ይጠየቅ» የሚባለው መልካም ቃል ምን ያህል ከባድ ጥያቄ እንደሚያዝል ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው። ይጠየቅ፤ እሺ። የሚጠየቀው ግን የትኛው ሕዝብ ነው? ታፔላው በሩ ላይ የቆመበት ነው፣ ወይስ ታፔላው የሚጠራው?

በጀፈርሰን ካውንቲ የሁለቱም ወገን ታሪክ እውነት ነበር። ነገሩን ያከበደውም ይህ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሂዩስተን ነጋዴዎችና አንድ የባቡር ኩባንያ የቴክሳስን ባሕር ዳር ሩዝ የሚያበቅል አገር ለማድረግ ቆርጠው ተነሥተው ነበር። መሬቱና ውኃው አለ፤ የጎደለው ሩዝ የሚያውቅ ገበሬ ነው። ስለዚህ ጃፓኖችን ጋበዙ። በ1903 ሴይቶ ሳይባራ የተባለ፣ በአገሩ የፓርላማ አባልና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው መጥቶ ሂዩስተን አጠገብ ዌብስተር በተባለች ቦታ ሰፈረ። ከጃፓን ያስመጣው ዘር በኤከር 34 በርሜል ሲሰጥ፣ የአገሬው ዘር ይሰጥ የነበረው ከ18 እስከ 20 ነው። ወሬው ሲሰማ ሌሎችም ተከተሉ፤ ዮሺዮ ማዩሚ በ1905 ወደ ፋኔት የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። መሬት ገዛ፣ ቤተሰቡንና ሠራተኞቹን አሰፈረ፣ ሩዙን ዘራ። ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ ሲጠረግ ጎረቤቶቹ በሚያውቁት መንገድ ጠሩት። የገጠር መንገድ ስም ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚወለደው፦ ወደ እገሌ ቤት የሚወስደው፣ ወደ ወፍጮው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ስም አውጪ ኮሚቴ የለም፤ ቃለ ጉባኤም የለም።

ማዩሚ ሃያ ዓመት ገደማ ኖረ። በ1921 የቴክሳስ ምክር ቤት የውጭ ዜጎችን የመሬት ባለቤትነት የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ በ1924 ደግሞ ኮንግረስ ለጃፓኖች የአሜሪካን በር ዘጋ። በዚያው ዓመት ማዩሚ መሬቱን ሸጦ አገሩ ገባ። «ሊያከብሩት ነው የሰየሙት» የሚለው የነዋሪዎቹ ክርክር እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ የተከበረው ሰው የሄደው ተከብሮ አልነበረምና። ደግሞም ሰውን ሊያከብር የፈለገ ስሙን ይጽፋል እንጂ የዘሩን ስም፣ ያውም ቆርጦ፣ አይጽፍም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ በ1905 የነበረው ገበሬ ግን በዚያ ቃል ክፋት አስቦበታል ብዬ አልምልም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከፐርል ሃርበር በኋላ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ፣ ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ታጎሩ። በዚያው ጊዜ ልጆቻቸው 442ኛው ሬጅመንት በተባለ የጦር ክፍል ገብተው በአውሮፓ ይዋጉ ነበር። በኦክቶበር 1944 ከቴክሳስ ብሔራዊ ዘብ የመጣ አንድ ሻለቃ በምሥራቅ ፈረንሳይ የቮዥ ተራሮች ውስጥ በጀርመኖች ተከበበ። ሊያወጣው የታዘዘው 442ኛው ነው። 211 የሻለቃው ወታደሮች ተረፉ፤ ለዚያ 442ኛው የከፈለው በሞትና በቁስል 800 ያህል ሰው ነው። በ1960ዎቹ የቴክሳሱ ገዥ ጆን ኮናሊ የክፍሉን አባላት የክብር ቴክሳሳውያን ብሎ ሰየማቸው።

በዚያ ውጊያ ከሞቱት አንዱ ሳቡሮ ታናማቺ የተባለ የቴክሳስ ልጅ ነው። በ1948 አርሊንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የጀግኖች መካነ መቃብር ከተቀበሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወታደሮች አንዱ እሱ ሆነ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ «ጃፕ ሮድ» የሚለው ታፔላ እንዲነሣ አቤቱታውን ይዛ ደጅ ስትጠና የኖረችው መምህርት ሳንድራ ታናማቺ የወንድሙ ልጅ ናት። ከአሥር ዓመት በላይ ለፋች። ኮሚሽነሮቹ በተደጋጋሚ መለሷት። በ2004 አቤቱታው ለፌዴራል መንግሥት ቀርቦ፣ የመብት ድርጅቶች ተጨምረው፣ ጋዜጣው ሲበዛ ነው ጉባኤው የተቀመጠው።

እዚህ ላይ የአሜሪካ ገጠር መንገድ ስሙን ከየት እንደሚያገኝ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ይህ ካልታወቀ ኮሚሽነሮቹ ለምን ራሳቸው አንድ ስም ሰጥተው እንዳልገላገሉ አይገባም።

በቴክሳስ የካውንቲ መንገድ ባለቤቱ «የኮሚሽነሮች ፍርድ ቤት» የሚባለው አካል ነው። ስሙ ፍርድ ቤት ይሁን እንጂ ሥራው በአብዛኛው መንገድ፣ በጀትና ግብር ነው። መንገድ የመሰየም ሥልጣንም አለው። ይሁን እንጂ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ በመላ አሜሪካ ገጠር ስሙ የካርታ ጉዳይ እንጂ የአድራሻ ጉዳይ አልነበረም። አድራሻ የፖስታ ቤት ሥራ ነበር። በኦክቶበር 1896 በዌስት ቨርጂኒያ የገጠር የነፃ ፖስታ እደላ ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት ገበሬው ደብዳቤውን ፍለጋ ከተማ መውረድ ነበረበት። አዳዩ በፈረስ ጋሪ እየዞረ በየቤቱ ደጅ የቆመች ሳጥን ውስጥ ደብዳቤውን ይጥላል። አድራሻውም «የገጠር መስመር 2፣ ሳጥን 45» ብቻ ነው። እኛ ፖስታ ሣጥን ቁጥር የምንለው ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለችውን ነው፤ የእነሱ ሳጥን ደጃፋቸው ላይ ቆማለች። ቁጥሩ ግን የቤቱን ቦታ አይናገርም፤ የአዳዩን ዙር ነው የሚከተለው። አዳዩ ዙሩን ከለወጠ ቁጥሩ ይለወጣል፣ አዲስ ቤት ሲሠራ ቁጥሩ ይዘበራረቃል። አዳዩ ሰዎቹን በየስማቸው ስለሚያውቅ ችግር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከስልክ ነው። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1968 በአላባማ ሄይሊቪል በተባለች ትንሽ ከተማ የግዛቲቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ራንኪን ፋይት ከማዘጋጃ ቤቱ 9-1-1 ደወለ፤ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በተቀመጠ ቀይ ስልክ ኮንግረስማን ቶም ቤቪል አነሣ። የመጀመሪያው የ911 የአደጋ ጥሪ ይህ ነው። ቆይቶ ቴክኖሎጂው ሲያድግ ደዋዩ አፉን ሳይከፍት አድራሻው በተቀባዩ ፊት ባለው ማሳያ ላይ ይወጣ ጀመር። የገጠሩ አድራሻ ሲወጣ ግን «መስመር 2፣ ሳጥን 45» ይላል። አምቡላንሱ ወዴት ይሂድ? ፖስታ አዳዩ ተኝቷል።

ስለዚህ በተለይ ከ1980ዎቹ ወዲህ ካውንቲዎች አንድ በአንድ ለገጠር መንገዶቻቸው ስም፣ ለቤቶቻቸውም ቁጥር ማውጣት ጀመሩ። ዌስት ቨርጂኒያን የመሰለ ተራራማ ግዛት ወደ ሥራው በሰፊው የገባው በ2001 ነው፤ ለመነሻው 15 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው የስልክ ኩባንያው ቬራይዘን ነበር። ቁጥሩ ብልሃት አለው። በብዙ ካውንቲዎች አንድ ማይል ለ1,000 ይከፈላል፤ በየ5.28 ጫማው፣ ማለትም በየ1.6 ሜትሩ ገደማ፣ አንድ ቁጥር ይደርሳል። ጎዶሎው በአንድ ጎን፣ ሙሉው በሌላው ጎን ነው። የቤት ቁጥሯ 2350 ከሆነ ቤቲቱ ከመንገዱ መጀመሪያ 2.35 ማይል ላይ ናት ማለት ነው፤ የአምቡላንሱ ሹፌር በጨለማ ከቁጥር ይልቅ የመኪናውን ማይል ቆጣሪ እያየ ሊያገኛት ይችላል። ቁጥሩን ማንም አይቃወምም። ጠቡ ሁሉ ስሙ ላይ ነው።

ስሙን ለማውጣት በብዙ ቦታ ነዋሪው ይጠየቃል፤ አብዛኞቹ ካውንቲዎች የነዋሪዎች ፊርማ ያለበት ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹም ለቅያሪ የተወሰነ መቶኛ ፊርማ ይጠይቃሉ። ይሁን እንጂ ሰው ከመጠየቁ በፊት ደንቡ ብዙውን ነገር ጨርሶታል። ስሙ በካውንቲው ውስጥ ሌላ ቦታ መኖር የለበትም። አነጋገሩም ከሌላ ስም ጋር መመሳሰል የለበትም፤ ራዲዮ ላይ የሚንጫጫ ድምፅ ሁለቱን መለየት አለበት። አጭር ይሁን፤ ታፔላ ላይ ይግባ። በሕይወት ባለ ሰው ስም መሰየምን የሚከለክሉም አሉ፤ ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩበትን መንደር ማሰብ ይበቃል። ጎረምሶች የሚስቁበት ስም አይፈቀድም፣ ታፔላው በሳምንቱ ይሰረቃልና። እውነቱን ለመናገር በዚህ ወንፊት ካለፈ በኋላ ለሕዝቡ የሚቀረው ምርጫ ጠባብ ነው። በየካውንቲው የኦክ፣ የፓይንና የሜፕል መንገድ የበዛው አሜሪካውያን ዛፍ ስለሚወዱ ብቻ አይመስለኝም፤ ዛፍ ጎረቤት ስለሌለው፣ ከማንም ስለማይጣላም ነው።

ካውንቲዎቹ ነዋሪውን የሚጠይቁት ለዴሞክራሲ ፍቅር ብቻ አይደለም። አዲስ ስም ማለት አዲስ መንጃ ፈቃድ፣ አዲስ የባንክ አድራሻ፣ የመድኃኒት ቤት፣ የኢንሹራንስ፣ የመራጭነት ምዝገባ ነው። ይህን ሁሉ በየቢሮው እየዞረ የሚያስተካክለው ነዋሪው ነው እንጂ ሰሌዳውን የቸነከረው አይደለም። ወጪውን የሚሸከም ሰው ስሙን ልምረጥ ቢል ተገቢ ነው፤ ኮሚሽነሮቹም ይህን ያውቃሉ። በጀፈርሰን ካውንቲ ምርጫውን ለነዋሪዎቹ የተዉት በዚህ ምክንያት፣ ምናልባትም በሚቀጥለው ምርጫ ድምፅ የሚሰጧቸው እነዚሁ ሰዎች በመሆናቸው ይመስለኛል።

አሥሩ ቀን እንዴት አለፈ? ስሙ እንዲለወጥ የታገሉት ሰዎች ዝግጁ መልስ ነበራቸው፦ ማዩሚ ሮድ። ነዋሪዎቹ «ጃፓናዊውን ገበሬ ለማክበር ነው» ሲሉ ስለኖሩ ይህ ስም ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ ይመስላል። ገበሬው ይከበራል፣ ስድቡ ይጠፋል፣ ታሪኩም ይቀራል። ወረቀት ላይ እንከን የለውም።

ነዋሪዎቹ ግን እምቢ አሉ። ጁላይ 29 የጸደቀው ስም «ቡንዶክስ ሮድ» ነው። ቡንዶክስ እዚያው መንገድ ላይ የነበረ፣ ቀደም ብሎ የተዘጋ፣ የአምባዛ ጥብስ የሚበላበት ምግብ ቤት ነበር፤ የቃሉ ትርጉምም ከሰው የራቀ ገጠር ማለት ነው። የሩዙን ገበሬ ትተው የአምባዛ ጥብስ ቤቱን መረጡ።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ እልህ ነው ያልኩት፤ እልህም አለበት። ግን ቆይቼ ሳስበው ሌላ ነገርም አየሁበት። በ2004 በዚያ መንገድ ላይ ማዩሚን የሚያስታውስ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ሰውየው ከሄደ 80 ዓመት ሆኖታል። ምግብ ቤቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል፦ እሑድ ቤተሰብ የተሰበሰበበት፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ «የት ጋ ነው?» ብሎ የጠየቀበት ነው። የገጠር ሰው መንገዱን የሚጠራው በሚያውቀው ነገር ነው። በ1905 የሚያውቁት ጃፓናዊውን ነበር፤ በ2004 የሚያውቁት የአምባዛውን ቤት ነው። አሠራሩ አንድ ነው። ከላይ የተሰጠ፣ ሰው በአፉ ያልለመደው ስም ምን እንደሚሆን የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል፦ ከመስቀል አደባባይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው ጎዳና በወረቀት «የአፍሪካ ጎዳና» ነው፤ ታክሲ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የቦሌ መንገድ ነው።

ያም ሆኖ ነዋሪዎቹ ትክክል ነበሩ ማለቴ አይደለም። አዲሱን ስም እነሱ መምረጣቸው ትክክል ነበር፤ አሮጌው ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚለውን ግን እነሱ ብቻ እንዲወስኑ ማድረግ ስሕተት ይሆን ነበር። ስድብ የሚሰማው የተሰደበው ነው እንጂ የታፔላው ጎረቤት አይደለም። ጉባኤው ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መቁረጡ፣ ሆን ብሎም ይሁን ሳያውቅ፣ ከሠራው ሁሉ ይበልጥ ብልህነት ያለበት ነገር ነው። ሳንድራ ታናማቺ ከነዋሪዎቹ ጋር በቁጥር ብትመዘን ኖሮ መቼም አታሸንፍም ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። በሰሜን አየርላንድ ገጠሩ ከጥንት ጀምሮ በጥቃቅን የመሬት ክፍሎች የተሸነሸነ ነው፤ እያንዳንዷ ክፍል ስም አላት፣ በአገሩ ከ9,000 በላይ ናቸው። ገጣሚው ሼመስ ሂኒ በ1972 ባሳተመው መድበል ውስጥ «አናሆሪሽ» እና «ብሮህ» የሚሉት ግጥሞች ርእሳቸው የእንዲህ ያሉ ቦታዎች ስም ነው። ልክ በእነዚያ ዓመታት ፖስታ ቤቱ የፖስታ ኮድ ሲያስገባ ገጠሩ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር እንዲጠራ፣ የጥንቶቹ ስሞችም ከአድራሻ እንዲወጡ ፈለገ። አንድ መንገድ ብዙ ክፍሎችን አቋርጦ ስለሚያልፍ አሥር ስም በአንድ ስም ይዋጣል። ተቃውሞው የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሳይባል ተነሣ፤ ያን ጊዜ በዚያ አገር ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር እጅግ ጥቂት እንደነበር ልብ ይሏል። እንቢ ብሎ የጸናው የፈርማና ምክር ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ የጥንቶቹ ስሞች እስከ ዛሬ አድራሻ ሆነው ያገለግላሉ። በሌሎቹ ወረዳዎች ክርክሩ ከ30 ዓመት በኋላም አልበረደም፤ በ2001 የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እነዚያን ስሞች በደብዳቤያቸው እንዲጠቀሙ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል።

በፈርማና ታፔላው የሚጠራውና ታፔላው ደጃፍ የሚኖረው አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ መጠየቁ ቀላል ነበር። በቴክሳስ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ማንም ያልጠየቀው፣ ስም ሳይሰጠው የተቀጣው ነው።

ይህ የሆነው በሰሜን ዳኮታ ነው። የግዛቲቱ ሕግ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የመኖሪያ መንገዱ ስምና ቁጥር የተጻፈበት መታወቂያ እንዲያሳይ ይጠይቃል። በነባር አሜሪካውያን ይዞታዎች ውስጥ ግን ብዙ መንገድ ስም የለውም፣ ብዙ ቤትም ቁጥር የለውም፤ ቢኖረውም ለነዋሪው ያልተነገረው አለ። ሰዉ ደብዳቤውን የሚቀበለው በፖስታ ሣጥን ነው። በኦክቶበር 9 ቀን 2018፣ ምርጫው አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ለጊዜው ሥራ ላይ ይዋል አለ። የጎሣ አስተዳደሮቹ በጥድፊያ ለሕዝባቸው አድራሻ ማውጣትና መታወቂያ ማተም ጀመሩ፤ በተርትል ማውንቴን ሰልፉ ከመብዛቱ የተነሣ የማተሚያው መሣሪያ ግሎ ካርዶቹን እስከ ማቅለጥ ደረሰ።

በሕጉ ላይ የቀረበው ክስ በ2020 በስምምነት አለቀ። በስምምነቱ መሠረት የመንገድ አድራሻ የሌለው ወይም አድራሻውን የማያውቅ ነባር አሜሪካዊ መራጭ ካርታ ይቀርብለታል፤ ቤቱ ያለበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ለዚያች ምልክት አድራሻ መፈለግና ድምፁ እንዲቆጠር ማድረግ የመንግሥት ሥራ እንጂ የመራጩ አይደለም።